በደረቅ ምድር የመንደር ፍሳሽ እንዴት ይጣራል?

ዝናብ በሚያጥርበት ምድር ለሚኖር የገጠር ማኅበረሰብ ፍሳሽ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል የጉድጓድ ውኃን የሚበክልና ሕፃናትን ለተቅማጥ የሚዳርግ ቆሻሻ ነው። በሌላ በኩል በበጋ የማይቋረጥ የመስኖ ውኃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማጣሪያ ሲመረጥ ውኃውን ምን ያህል እንደሚያጠራ ብቻ ሳይሆን፣ ምን ያህሉን እንደሚያስቀርም መታየት አለበት።

የኩሬዎች አሠራር

ለትናንሽ ማኅበረሰቦች ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ የተከታታይ ኩሬዎች ማጣሪያ ነው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል። የመጀመሪያው ኩሬ ከ2 እስከ 5 ሜትር ይጠልቃል፤ ደረቁ ቆሻሻ ወደ ታች ዘቅጦ ኦክስጅን በማያሻቸው ባክቴሪያዎች ይብላላል። ከ1 እስከ 2 ሜትር በሚጠልቀው ሁለተኛው ኩሬ፣ አልጌ በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን እያመነጨ የቀረው ቆሻሻ እንዲብላላ ያግዛል። በመጨረሻዎቹ ኩሬዎች የፀሐይ ብርሃን በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይገድላል። የአንጀት ትላትል እንቁላሎች ደግሞ ውኃው በየኩሬው በሚቆይበት ጊዜ ይዘቅጣሉ።

ትነትና ጨው

ውኃውን የምታጠራው ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለችም። ለምሳሌ 1 ሺሕ ነዋሪዎች ያሉት መንደር በነፍስ ወከፍ በቀን 50 ሊትር ፍሳሽ ቢያወጣ፣ 50 ሜትር ኩብ ይሆናል። ኩሬዎቹ 2 ሺሕ 500 ካሬ ሜትር ቢሸፍኑና ትነቱ በዓመት 2 ሜትር ቢደርስ፣ በቀን 14 ሜትር ኩብ ያህል ይተናል፤ ከጠቅላላው ከሩብ በላይ ማለት ነው። ጨው ግን አይተንም፤ የቀረው ውኃ ጨዋማነት ከሲሶ በላይ ይጨምራል። ቴምር ይህን ሲቋቋም፣ ሽንኩርትና ካሮት በቀላሉ ይጎዳሉ።

ትነትን ለመቀነስ ፍሳሹ በተዘጋ ታንክ ከዘቀጠ በኋላ ሸምበቆ በተተከለበት የጠጠር አልጋ ውስጥ፣ ከገጽ በታች እንዲያልፍ ይደረጋል። ሽታና ትንኝም ይቀንሳሉ፤ ሸምበቆው ግን ራሱ ውኃ ይጠጣል፤ ጠጠሩም በጊዜ ብዛት ሊደፈን ይችላል።

ለመስኖ ሲውል

የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ፣ ጥሬ የሚበሉ አትክልቶች የሚጠጡት ውኃ በ1 ሊትር ከ1 የበለጠ የአንጀት ትል እንቁላል እንዳይኖረው መክሯል። በ2006 የወጣው መመሪያ ደግሞ ከማጣራቱ ጎን ለጎን የሰብል ምርጫን፣ የአጠጣጥ ዘዴንና የምርት አጠባን እንደ ተጨማሪ መከላከያ ይቆጥራል። ስለዚህ አነስተኛ ማጣሪያ ያለው መንደር ውኃውን ለዛፍና ለመኖ ማዋሉ ይመረጣል።

ጥበቃና አቅም

በዮርዳኖስ ለአማንና ለዛርቃ ከተሞች በ1985 ሥራ የጀመሩት የአስ-ሰምራ ኩሬዎች ከአቅማቸው በላይ ፍሳሽ ሲገባባቸው ሽታቸው አስቸጋሪ ሆነ፤ በ2008ም ዘመናዊ ማጣሪያ ተተካላቸው። በመንደር ደረጃም ቢሆን የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር ኩሬዎች ይጨናነቃሉ። ዝቃጩን በየጥቂት ዓመቱ የሚያወጣ፣ የዳርቻውን ሣር የሚያጭድና አጥሩን የሚጠብቅ ሰው ከሌለም ኩሬው የትንኝ መራቢያ ይሆናል። በመሆኑም የጠባቂው ደመወዝና የዝቃጭ ማስወገጃው ወጪ ከግንባታው በፊት ሊታሰብ ይገባል።