የናፍጣ ፒክአፕ የአየር ማጣሪያ ሲቀየር፦ ለቢቸናና ለሞጣ መንገዶች የትኛው ይስማማል?

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ደረቅ ወራት ከቢቸናና ከሞጣ ከተሞች ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚመላለስ ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ የሚጓዘው ከፊቱ ያለው ተሽከርካሪ ባስነሣው አቧራ ውስጥ ነው። ጤፍና ስንዴ በሚወቃበት ወቅት እህል ለመጫን አውድማ ዳር ሲቆም ደግሞ የእብቁ ብናኝ ይጨመርበታል። ሞተሩ ይህን ሁሉ ከአየሩ ጋር ይስባል። በአቧራውና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ዋና መከላከያ በጋራዦች ፊልትሮ የሚባለው የአየር ማጣሪያ ነው። ነባሩን አውጥቶ ሌላ ዓይነት ማስገባት ለሚፈልግ ባለንብረት ሻጮች በአብዛኛው የሚያወሩት ስለ ጉልበት ነው፤ በዚህ አካባቢ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት አዲሱ ማጣሪያ አቧራ የሚሾልክበት ክፍተት ይተዋል ወይ የሚለው ነው።

የአየር ጉዳይ በደጋው ቀላል አይደለም። አንድ ሊትር ናፍጣ በሚገባ እንዲቃጠል ቢያንስ 12 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል፤ ይህም በባሕር ጠረፍ 10 ሺህ ሊትር ግድም ነው። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለዚያችው አንድ ሊትር ሞተሩ ከ12 ሺህ ሊትር በላይ መሳብ ይኖርበታል። ቱርቦ የሌላቸው የቀድሞ የቶዮታ ሂሉክስ ሞተሮች፣ ለምሳሌ 2 ሺህ 986 ሲሲ የሆነው 5ኤል፣ ይህን ጉድለት የሚያካክሱበት መንገድ የላቸውም። ማጣሪያው ሲታፈን ጥቁር ጭስ ይበዛል፤ የናፍጣ ፍጆታው ይጨምራል፤ ጭነት ይዞ የዓባይ በረሃን አቀበት መውጣትም ይከብዳል። እርግጥ ጥቁር ጭስ ሁሉ ከማጣሪያ አይመጣም፤ ያረጀ ኖዝልም ያጨሳል።

ብዙዎችን የሚማርከው ነባሩን ሳጥን አስወግዶ በኮፈን ሥር በባዶው የሚታሰረው ሾጣጣ ማጣሪያ ነው። ድምፁን የሚወዱለት አሉ። ይሁን እንጂ አየር የሚስበው ከሞተሩ ሙቀት ውስጥ ነው። ውጭው 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሆኖ በኮፈን ሥር 60 ቢደርስ አየሩ 12 በመቶ ያህል ይሳሳል። ይህም ቢቸና ላይ ያለን መኪና 1 ሺህ 200 ሜትር ያህል ሽቅብ ወስዶ ጮቄ ተራራ ላይ እንደማሠራት ይቆጠራል። ለጉልበት ተብሎ የተገዛው ዕቃ ጉልበት ይቀንሳል ማለት ነው።

ከጥጥ ጨርቅ ተሠርቶ ዘይት የሚቀባው ማጣሪያ ታጥቦ ደጋግሞ ማገልገሉ ጥቅም አለው። ጨርቁ ላይ ዘይቱ ካልተዳረሰ ግን ደቃቅ አቧራ ያሳልፋል፤ ከበዛ ደግሞ ወደ ውስጥ እየተሳበ በአዳዲስ ሞተሮች ላይ የአየሩን መጠን የሚለካውን ሴንሰር ያበላሻል። በሞተር ዘይት መቀባትም አይገባም፤ የራሱ ዘይት አለው።

ለአቧራማ መንገድ የሚመረጠው ነባሩን ዝግ ሳጥንና ደኅና የወረቀት ማጣሪያ ይዞ አየሩን ከፍ ካለ ቦታ መሳብ ነው። በተለምዶ ስኖርክል የሚባለው፣ ከጋቢናው ጎን ወደ ጣሪያ የሚወጣው ቱቦ ይህን ያደርጋል። ቱቦው ራሱ አያጣራም። ጫፉ ላይ አየሩን የሚያሽከረክር ቅድመ ማጣሪያ ሲደረግለት ግን ከባዱ አቧራ ወረቀቱ ዘንድ ሳይደርስ ይወጣል። የትራክተር ባለቤቶች ይህን ዓይነቱን ዕቃ ከኮፈኑ በላይ ወጥቶ ስለሚያዩት ያውቁታል።

ገጠማው የሚከናወነው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የሳጥኑ ዙሪያ ሳይከፈት በፊት ይጠረጋል፤ አለዚያ ክዳኑ ላይ የተከመረው አቧራ ወደ ውስጥ ይወርዳል። አሮጌው ማጣሪያ እንደወጣ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይዘጋል፤ ጨርቁን ሥራው ሲያልቅ ማውጣት አይዘነጋም። ሳጥኑ የሚጸዳው በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በኮምፕሬሰር አይደለም። አዲሱ ማጣሪያ ከአሮጌው ጎን ተደርጎ ቁመቱና የጎማ ጠርዙ ውፍረት ይመሳከራል፤ ጨለማ ቦታ ላይ የእጅ ባትሪ በውስጡ ሲበራ የብርሃን ነጥብ ከታየ ቀዳዳ አለው። ጠርዙ በጎድጓዳ ማረፊያው ዙሪያውን መቀመጥ፣ መቆለፊያዎቹም ሳይታገሉ መዝጋት አለባቸው። ክፍተቱን በካርቶን ወይም በሲሊኮን መሙላት የተሳሳተ ማጣሪያ መገዛቱን ከመደበቅ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ስኖርክል ሲገጠም ፓራፋንጎው መበሳቱ አይቀርም። ቀዳዳው መጀመሪያ ጠበብ ተደርጎ በሞረድ ቢሰፋ ይሻላል። የብረት ብናኙ ሙሉ በሙሉ ይጠረጋል፤ ጠርዙ ዝገት እንዳይበላው ቀለም ይቀባል። ወደ ሳጥኑ የሚገናኘው ጎማ ሲሳብ የማይጨማደድ፣ ከጭስ ማውጫውና ከቺንጊያው የራቀ ይሁን።

ከዚያ ፍተሻ ይከተላል። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ እያለ የመሳቢያው አፍ በጠፍጣፋ ጣውላ ሲሸፈን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መታነቅ አለበት፤ መሥራቱን ከቀጠለ ከሌላ ቦታ አየር እየሳበ ነው። ጨርቅ ሊሳብ ስለሚችል ለዚህ አይውልም። ከተወሰኑ ቀናት ጉዞ በኋላም ከማጣሪያው ወዲያ ያለው የቱቦ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ይታበሳል። አቧራ ከተገኘ መገጣጠሚያው እንደገና ይፈተሻል። ፋሻንና ሲሊንደርን በብርቱ የሚፈገፍገው ከ5 እስከ 20 ማይክሮን የሚሆን ብናኝ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ስለሆነ ይህን የሚያሳልፈው ክፍተት በዓይን ላይታይ ይችላል። ጠዋት በብርድ ለመነሣት ማስቸገር፣ የሞተር ዘይት ቶሎ ቶሎ መጉደልና ሰማያዊ ጭስ ከታዩ ፋሻው ሳይበላ አልቀረም፤ ያን ጊዜ ማጣሪያ መቀየር ሞተር ከማስከፈት አያድንም።

የወረቀት ማጣሪያን በየቀኑ ማራገፍም አይበጅም። በላዩ ያረፈው ስስ አቧራ ራሱ ማጣራቱን ያግዛል። በየጎሚስታው ያለው ኮምፕሬሰር ወረቀቱን የመቅደድ አቅም ስላለው፣ የግድ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከ2 ባር ባልበለጠ ግፊትና ከራቅ ብሎ ይነፋል። ለመስኖ ፓምፕና ለእህል ወፍጮ የናፍጣ ሞተሮችም አደጋው ያው ነው። ብዙዎቹ አየሩን ዘይት በተሞላ ሳሕን ላይ ስለሚያጣሩ፣ በሳሕኑ ሥር አተላ ሲጠራቀም ዘይቱ ተደፍቶ እስከ ምልክቱ ድረስ በአዲስ ይተካል።