የሰባት ዓመት ልጅና ወተት

በሀብሩ ወረዳ፣ ግራና ውስጥ ባደግሁበት ቤት ወተት የሚጠጣው በሥርዓት ነበር። እናቴ በወይራ ባጠነችው ማለቢያ አልባ ትኩሱን ለሕፃኑ ትሰጣለች። የተረፈው ይረጋና በቅል ይናጣል፤ ቅቤው ለገበያ ይወጣል፣ አሬራው ለእኛ ለትልልቆቹ ይቀራል። የጨውና የጋዝ መግዣው ያ ቅቤ ስለነበር ማንም አላጉረመረመም።

ሰባት ዓመት ሲሞላን ጾም ተጨመረ። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ የፍልሰታን 15 ቀን ወተት አንቀምስም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ግን ረቡዕና ዓርብም ፍስክ ነው። አብረውን የሚማሩት የሙስሊም ልጆች ጾም በሌላ አቆጣጠር ስለሚመጣ፣ ብዙ ጊዜ የአንዳችን ጾም ለሌላው ፍስክ ይሆናል።

በሌላ አገር የልጅን ወተት መንግሥትም ወስኖ ያውቃል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1946 ለተማሪ ሁሉ በየቀኑ 190 ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት በነጻ እንዲሰጥ በሕግ ደነገገች። በ1971 ማርጋሬት ታቸር የትምህርት ሚኒስትር ሳሉ ከሰባት ዓመት በላይ ላሉት ተቋረጠ። አሜሪካ ደግሞ በ2012 ትምህርት ቤቶች ስቡ የወጣለት ወይም በጣም የተቀነሰለት ወተት ብቻ እንዲያቀርቡ አዘዘች። እኛ ቤት ልጁን አሬራ ያጠጣው ገበያ ነው፤ አሜሪካ ግን የጤና ደንብ ነበር።

በአገራችን ዘመናዊ የወተት ምርት የጀመረው አዲስ አበባ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት 300 የውጭ ዝርያ ከብቶች ለገሰ፤ በ1960 በዩኒሴፍ ድጋፍ የሾላ ማቀነባበሪያ ተከፈተ። ወተት ሳይቀዘቅዝ ርቆ ስለማይሄድ ጥቅሙ ከከተማው ዙሪያ ብዙም አልራቀም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ1994 የተማሪዎች ምገባ ሲጀምር የቀረበው ከበቆሎና ከአኩሪ አተር ዱቄት የሚሠራ ገንፎ ነበር። ወተት ስለሌለበት ከወተት የሚጾመውም የማይጾመውም ልጅ ይበላው ነበር።

ለሀብሩ ተማሪዎች ወተት እንዲቀርብ የምመኘው ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ ነው። ወተቱ ቅቤው ያልወጣለት፣ በአካባቢው ላሞች የታለበና የተፈላ ይሁን። ለሚጾም ልጅ በዚያው ሰዓት የባቄላ ወይም የሽምብራ ምግብ ይቅረብለት፤ ረመዳንን ለሚጾም ድርሻው ወደ ቤቱ ይላክለት። ደንቡን የሚያወጡ ሰዎች ከሁሉ በፊት እናቶችን ይጠይቁ፤ የትኛው ልጅ በየትኛው ቀን ምን እንደሚጠጣ ሲወስኑ የኖሩት እነሱ ናቸው።