የምስሉ መመለስና የስሙ መመለስ

ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል የነበረችው ቡሌ ሆራ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጉጂ ከተማ ናት፤ ከእርሷም ወደ ደቡብ ሲወርዱ የቦረና ቆላ ይገኛል። የዚህ አገር የገዳ ሥርዓት የአውሮፓን ሊቃውንት ዐይን ከሳበ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮቤኒየስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1934–1935 በአዶልፍ የንሰን መሪነት የጥናት ጓድ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ላከ፤ ሠዓሊው አልፍ ባይርለም አብሮ መጣ። የንሰን በ1936 ያሳተመውን መጽሐፍ «በገዳ አገር» ብሎ ሰየመው። ከጦርነቱም በኋላ ከ1950 እስከ 1956 ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለት ጉዞዎች ተደረጉ፤ አይከ ሃበርላንድም ስለ ቦረናና ስለ ጉጂ የጻፈውን ሰፊ መጽሐፍ በ1963 አሳተመ። ፎቶግራፎቹና ሥዕሎቹ ግን በፍራንክፈርት ተቀመጡ።

ተቋሙ በኋላ የምስል መዝገቡን በዲጂታል አዘጋጅቶ በኢንተርኔት አማካይነት ከፈተ። በቡሌ ሆራ ያለ ተማሪ ባሕር ሳይሻገር የአባቶቹን ዘመን ማየት መቻሉ ታላቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ምስል መታየቱ ብቻውን ዕውቀትን አይመልስም።

ይህን ለማስረዳት የብራና መጻሕፍትን ነገር ማነጻጸር ይበቃል። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ተነሥተው በኋላ በዲጂታል የተዘጋጁት የኢትዮጵያ ብራናዎች፣ ስማቸውንና ቃላቸውን በገጻቸው ይዘው ይሄዳሉ። የቦረና ዕቃ ግን ስሙን በላዩ አልጻፈም። ጎርፋንም ጪጮንም «የወተት ዕቃ» ብሎ የመዘገበ ሰው አልዋሸም፤ ነገር ግን ቦረናዎች የሚለዩትን አንድ አድርጎታል። በግንባር የሚታሰረው ከለቻም፣ ማን በምን ሥርዓት እንደሚያስረው ካልተነገረ ተራ ጌጥ መስሎ ይቀራል። የሃበርላንድ መጽሐፍ ርእስ ራሱ ሕዝቡን የሚጠራው ሕዝቡ ለራሱ በማይቀበለው ስም ነው። በኦሮምኛ ስሙ የሚፈልገው ሰው በጀርመንኛ የተመዘገበውን ዕቃ በቀላሉ አያገኘውም።

መድኀኒቱ በአገሩ አለ። የቦረና ሽማግሌዎች ዘመንን የሚቆጥሩት በየስምንት ዓመቱ በሚፈራረቁት አባ ገዳዎች ስም ነው። ስለዚህ ፎቶግራፉ ቢቀርብላቸው ዕቃውን በስሙ ሊጠሩ፣ ዘመኑንም ማን አባ ገዳ በነበረበት ጊዜ እንደ ሆነ ሊናገሩ ይችላሉ። ለሕዝብ ሊታይ የማይገባውንም የሚያውቁ እነርሱ ናቸው።

የገዳ ሥርዓት በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ምስሉ በመሣሪያ ተጠብቆ ሊቈይ ይችላል፤ ስሙን የሚያውቅ ሽማግሌ ግን አይቈይም። ስለዚህ የሚቸኵለው ሥራ ምስሉን ማባዛት ሳይሆን፣ በምስሉ ፊት ሽማግሌውን አስቀምጦ ቃሉን መጻፍ ነው።