የፓሪስ ማዘጋጃ ቤትና ፎቶግራፎቹ

በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ በሴን ወንዝ አጠገብ የቆመው ማዘጋጃ ቤት መሠረቱ የተጣለው በንጉሡ በቀዳማዊ ፍራንሷ ዘመን፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1533 ዓመት ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠሩትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ንድፉን ያወጣው ቦካዶር የተባለው ኢጣልያዊ ዶሜኒኮ ዳ ኮርቶና ነበረ፤ ሥራው የተፈጸመው ግን በ1628 ነው። ከ1837 ጀምሮም ቤቱ በግራና በቀኝ ተጨምሮለት እጅግ ሰፋ። ዛሬ መንገደኛ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ግን ያንን ቤት አይደለም፤ ያ ተቃጥሏልና።

የፎቶግራፍ ጥበብ ለዓለም የተገለጠው በ1839 በዚሁ በፓሪስ ስለ ሆነ፥ አሮጌው ቤት ከመጥፋቱ በፊት መልኩን ለማስቀረት ሠላሳ ዓመት ያህል ጊዜ ነበረ። በ1862 የከተማው ፎቶግራፍ አንሺ የተባለው ሻርል ማርቪል፥ ሊፈርሱ የታሰቡትን ጠባብ መንገዶችና አዲስ የተተከሉትን የአትክልት ቦታዎች በትጋት አነሣ። ሥራው እንደ ዛሬው የቀለለ አልነበረም። አንሺው መስተዋቱን መድኃኒት ቀብቶ፥ ሳይደርቅ በመኪናው ውስጥ አግብቶ፥ ብርሃን ከነካውም በኋላ ሳይደርቅ በጨለማ ድንኳን ማጠብ ነበረበት፤ ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። መስተዋቱም ብርሃኑን ቀስ ብሎ ስለሚቀበል፥ ድንጋይና ዛፍ ጥርት ብለው ሲታዩ የሚመላለሰው ሰው እንደ ጢስ ይሆናል፥ ወይም ፈጽሞ ይጠፋል። እንግዲህ አደባባዩ በነዚያ ሥዕሎች ባዶ መስሎ ቢታይ፥ ሕዝብ አልነበረበትም ማለት አይደለም።

በ1871 ፈረንሳይ በጀርመን ጦር ድል ከሆነች በኋላ የፓሪስ ሕዝብ በመንግሥቱ ላይ ተነሥቶ፥ ኮሚዩን የሚባለውን አስተዳደር በዚሁ ማዘጋጃ ቤት አቆመ። በሚያዝያ ወር ሪሽቡር የሚባለው አንሺ በአደባባዩና በሪቮሊ መንገድ ማዕዘን የተሠራውን የድንጋይ ምሽግ አነሣ። ብራክኤ የሚባለውም ዓመፀኞቹን ራሳቸውን አነሣ፤ እነርሱም በኩራት ጸጥ ብለው ስለ ቆሙለት ፊታቸው ተለይቶ ይታያል። እንዲህ ያለው ሥዕል በኋላ ፖሊስ ሰዎቹን ለመለየት እንደ ረዳው ይነገራል።

የመንግሥቱ ጦር ወደ ከተማው በገባ ጊዜ ዓመፀኞቹ በግንቦት 24 ቀን ቤቱን በእሳት አቃጠሉት። ከቤቱ ጋራ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ነደደ፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን የልደት፥ የጋብቻና የሞት መዝገብ መጥፋቱ ነው። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ካህናት በየደብራቸው የጻፉት፥ ከ1792 በኋላም መንግሥት የያዘው፥ እስከ 1859 ድረስ ያለው መዝገብ አንዱ በማዘጋጃ ቤቱ ወገን፥ ሁለተኛው ቅጂ በፍርድ ቤቱ ሕንጻ ተቀምጦ ነበር። ጥንቃቄው መልካም ነበረ፤ ዳሩ ግን ሁለቱም ባንድ ቀን ተቃጠሉ። ስምንት ሚሊዮን ያህል ጽሑፍ ጠፋ። በ1872 የቆመው ጉባኤ ከቤተሰቦች እጅ ከተገኘው ወረቀትና በአብያተ ክርስቲያናት ከቀረው የጥምቀት መዝገብ እየለቀመ ብዙ ዓመት ቢደክም፥ መመለስ የቻለው ሢሶውን ያህል ብቻ ነው።

ጣራ የሌለውን ፍርስራሽ ግን ማርቪልም፥ ሊዬቤርም፥ ሌሎችም አነሡት፤ ሥዕሉም በጥራዝ እየሆነ ተሸጠ። ድንጋይ አይንቀሳቀስምና ለአንሺው ይመቻል።

ባሉና ደፐርት የሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች ከ1874 ጀምረው የፊቱን መልክ አሮጌውን አስመስለው ሠሩት፤ በ1882 ተመረቀ። በወንዙ በኩል ባለው አነስተኛ አትክልት ውስጥ በ1888 የኤትየን ማርሴል ሐውልት በፈረስ ላይ ተቀምጦ ቆመ፤ በ1357 ቦታውን ለከተማው የገዛ እርሱ ነው። ጥቂት አለፍ ብሎ ባለው ሌላ አትክልት መካከል የቅዱስ ያዕቆብ ግንብ ይታያል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከአብዮቱ በኋላ ፈርሶ ግንቡ ብቻ ቀርቷል።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ፎቶግራፍ ግን ሮቤር ዷኖ በ1950 ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት ያነሣው፥ ሁለት ወጣቶች በመንገድ ሲሳሳሙ የሚያሳየው ነው። ሕዝቡ በድንገት የተያዘ ነገር መስሎት ብዙ ዘመን ኖረ፤ ጕዳዩ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ ግን ዷኖ ወጣቶቹ ቲያትር ተማሪዎች እንደ ነበሩና ለሥዕሉ እንዳቆማቸው ገለጠ። ማዘጋጃ ቤቱ ከኋላቸው በጉም ውስጥ እንዳለ ሆኖ ደብዝዞ ይታያል።