ባሌስትራ

ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከብቸና ወደ ሞጣ በአንዲት አሮጌ ፒካፕ፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ እጓዝ ነበር። ከኋላችን ኩንታል ጤፍ ተደርድሯል፤ ከጤፉ በላይ ሁለት በጎች ከነባለቤታቸው ተሳፍረዋል። ዝናብ የጠገበው ዋልካ መሬት እንደ ሊጥ ይስባል። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብተን ስንወጣ ከበታቻችን ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሹፌሩ ወደ እኔ እንኳ ሳይዞር፣ «ባሌስትራ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። መኪናዋ እግሩ እንደተሰበረ በሬ በአንድ ጎኗ ተንጋዳ፣ እያነከሰች ሞጣ አደረሰችን።

መለዋወጫው ከተማው ውስጥ አልተገኘም። መካኒኩ የተሰበረውን አውልቆ ትከሻው ላይ አደረገና ከከተማው ዳር ወደሚገኝ አንድ የብረት ሠሪ ቤት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። ሽማግሌው ብረት ሠሪ ስባሪውን አገላብጠው አዩት። ከጥግ ከተከመረው ብረት ውስጥ የአይሱዙ የነበረ አሮጌ ባሌስትራ መዘዙ፤ ለኩት፣ ቆረጡት፣ ከሰሉ ውስጥ ከተቱት። ልጃቸው ወናፉን ይነፋል። ብረቱ እንደ ብርቱካን ሲቀላ በጉጠት አወጡና መስፉ ላይ አጋድመው ይቀጠቅጡት ጀመር። ቅስቱ ከሌሎቹ ጋር እስኪገጥም ደጋግመው ለኩት። እንደገና አግለው ውኃ ውስጥ ሳይሆን የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ነከሩት። ጭሱ ቤቱን ሞላው። ቀጥሎም በቀስታ መልሰው አሞቁት። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ውኃ ያስደነግጠዋል፤ የደነገጠ ብረት ይሰነጠቃል። ዘይቱ ያጠነክረዋል። ጠንክሮ ብቻ ከቀረ ግን እንደ ጠርሙስ ነው። ጥቂት ስታሞቀው እልኹ ይወጣለታል፤ ያኔ መታጠፍም መመለስም ይችላል» አሉኝ።

ቀጥለውም ቀና ብለው አዩኝና፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። «በእናትህስ?» ሲሉኝ ስልኬ የጠራ አስመስዬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ስለዚያ የታጠፈ ብረት ታሪክ ላውጋህ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እስከ መቅደላ ያስጎተቱት በ1860 ዓ.ም. ነው። መድፉ ሰባ ኩንታል ገደማ ይመዝን ነበር ይባላል። ተሸካሚው ሠረገላ ጎማም፣ ባሌስትራም አልነበረውም። መሬቱ ለመንኰራኩሩ ስላልራራ መሬቱን ራሱን ማስተካከል ግድ ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ጠረጉ። የሠረገላ ጉዞ አሮጌ ሕግ ይኸው ነው፦ ወይ መንገዱ ይለሰልሳል፣ ወይ ሠረገላው መተጣጠፍን ይማራል።

ሁለተኛውን ዘዴ አውሮፓውያን በሚገባ የያዙት ከዚያ ቀደም ብለው ነበር። ኦባዲያ ኤሊየት የተባለ እንግሊዛዊ ሠረገላ ሠሪ በ1804 እ.ኤ.አ. ተደራራቢ የብረት ቅስቶችን ከሠረገላ ሥር አስሮ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ረጅሙ ብረት ከላይ ይሆናል፤ እያጠሩ የሚሄዱት ከሥሩ ይደረደራሉ። ጉድጓድ ሲያጋጥም ቅስቱ ይዘረጋል፤ ጉድጓዱ ሲታለፍ ይመለሳል። ብረቶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉም የዝላዩን ጉልበት ይቀንሱታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ የሚገርም ግጥምጥሞሽ እናገኛለን። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ያደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር ያወጁትም በዚያው ዘመን ነው። መኪናው ሲገባ ሕዝቡ ተደነቀ፤ አዋጁ ሲነገር ሰማና ወደ ቤቱ ገባ። መኪናውን ወዲያው ለመድነው። አዋጁን ግን መቶ ዓመት አልፎትም አልለመድነውም።

ቃሉን የሰጠን ጣልያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ጎጃም እፎይ ብሎ አላደረም፤ በብቸና በኩል እነ በላይ ዘለቀ፣ በየበረሃውም ሌሎቹ አርበኞች ዕረፍት ነሥተውት ነበር። ጠላት ሲወጣ ግን ቋንቋው ከመኪናው ሥር ተኝቶ ቀረ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞላ፣ ባሌስትራ… ጋራዥ ውስጥ ያደገ ልጅ ሳያውቀው ጣልያንኛ ይናገራል። ባሌስትራ በቋንቋቸው ቀስተ ደጋን ማለት ነው። የተገተረና የሚመለስ ነገር ነውና ስሙ ይገባዋል።

በ1943 ዓ.ም. መባቻ ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ የመጀመሪያ ብድሮቿን ተፈራረመች፤ አምስት ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ፣ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለልማት ባንክ። እኔ ባንክ ቤት ተቀምጬ ወረቀት የማገላብጥ ሰው ስለሆንኩ መንገድና ባንክ በአንድ ሰሞን መወለዳቸው ደስ ይለኛል። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት «ኤንትሬ» የምንለው ፊያት ዳገቱን እያጓራ ወጣ፤ ኋላም አይሱዙው ተተካ። ሕዝባችን ለአይሱዙው ፍጥነት የሰጠውን ስም ሁላችንም እናውቀዋለንና አልደግመውም። ጭነት ሊያመላልስ የተሠራውን አይሱዙ ባለ እጆቻችን ላሜራ ቀጥቅጠው፣ ወንበር በይደው፣ የሕዝብ ማመላለሻ አደረጉት። ስሙም «ቅጥቅጥ» ተባለ።

ይህን ቃል አጥብቀህ ያዝልኝ።

በሌላው ዓለም ፒካፕን ለጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሜክሲኮው የባሃ ካሊፎርኒያ በረሃ የሺህ ማይል ውድድር ይካሄዳል። ለዚህ የሚዘጋጁት መኪኖች ፋብሪካው የሰጣቸውን አጭር ክንድ ጥለው ረጅም ክንድ ያስገጥማሉ፤ የኋላ ጎማቸው ሰባ ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ ይደረጋል። ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ የመኪናው አካል ግን እንደ ባሕር ወፍ ተንሳፎ ይሄዳል። ዝላዩን የሚያበርደው ወፍራም በርሜል የሚመስል መሣሪያ ሲሆን በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

የእኛ አገር ሥራ የዚህ ተቃራኒ ነው። የብቸና ሹፌር ጋራዥ ሄዶ «ባሌስትራ ጨምርልኝ» ይላል እንጂ «አርዝምልኝ» አይልም። የሚፈልገው መብረር ሳይሆን መሸከም ነውና። አንድ ብረት ሲጨመር መኪናው ይጠነክራል፤ ተጨማሪ ኩንታል ይችላል። ነገር ግን ጭነቱ ሲራገፍ ያ ጥንካሬ ራሱ ጠላት ይሆናል። ባዶው መኪና በየጉድጓዱ እንደ ፌንጣ ይዘላል፤ ጎማው መሬት በለቀቀ ቁጥር መሪውም ፍሬኑም ሥራ ይፈታሉ። ለሸክም የጠነከረ ነገር ሸክሙ ሲቀልለት መረጋጋት ያቅተዋል። ይህ ስለ መኪና ብቻ የተጻፈ አይመስለኝም። ቶዮታ እንኳ በ1999 እ.ኤ.አ. የላንድክሩዘር 70ን የፊት ባሌስትራ በሞላ ሲለውጥ ከኋላ ባሌስትራውን አልተወም። ከኋላ ሸክም አለበትና።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ልመለስ።

የእናቴ አባት ብረት ሠሪ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር ይሠራ ነበር። አገሩ በማረሻው አርሶ፣ በማጭዱ አጭዶ ይበላል፤ ማታ ግን ከልጆቹ ጋር አይጋባም፤ ሕፃን ሲታመም «ቡዳ በላው» እያለ ወደ እርሱ ቤት ይመለከታል። እናቴ ይህን ስም ሸሽታ በሩቅ ቀበሌ አገባች። እኔም ከእርሷ ሸሽቼ ባንክ ቤት ገባሁ። ሚስት ላገባ ሽማግሌ ስልክ ስለ እናቴ ወገን ሲጠየቅ «ገበሬ ናቸው» አስባልኩ። ዛሬ በየወሩ ደመወዝ በምቀበልበት እጄ ግጥም እጽፋለሁ፤ ስለ አገር፣ ስለ እውነትም እገጥማለሁ። ስለ አያቴ ግን አንዲት ስንኝ አልቋጠርኩም።

ቅኔ የምንወድ ሰዎች ነን። ከብቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ዘላለማዊ ያደረጉት ያ የቅኔ ደብር። የቅኔያችን ክብር ሰምና ወርቅ ነው። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም ግን ከየት መጣ? ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ጌጡን በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ታላቁን ጥበባችንን ለመሰየም ቃል ሲያንሰን የሄድነው ወደዚያ ወደምንንቀው ቤት ነው። ቃሉን ተበድረን ባለቤቱን ረሳን። ባንክ ቤት ይህ ያልተከፈለ ዕዳ ይባላል።

በማግሥቱ ፒካፓችን ዳነች። መካኒኩ ብረቶቹን አንድ ላይ ደርድሮ፣ በመሐል ብሎን አጥብቆ፣ ዝገቱን በብሩሽ ጠርጎ፣ በመካከላቸው ግራሶ ቀብቶ ጨረሰ። አዲሱ ባሌስትራ ከአሮጌዎቹ መካከል በጥቁረቱ ብቻ ይለይ ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠራኝ «አንዴ ቆየኝ» ብዬ ወደ ብረት ሠሪው ቤት ተመለስኩ።

ሽማግሌው የተሰበረውን ባሌስትራ ከሰሉ ውስጥ ከተው አገኘኋቸው። «ይህስ ምን ሊሆን ነው?» አልኳቸው። «ማረሻ» አሉኝ። «መኪና ላይ የደከመ ብረት መሬት ላይ ብዙ ዘመን ይሠራል።»

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩና የእናቴን አባት ስም ከነሙያው ነገርኳቸው። ብዙ አልተናገሩም። ልጃቸውን ከወናፉ አስነሡና ቦታውን በእጃቸው ጠቆሙኝ።

«በል ንፋ» አሉኝ።

ሹፌሩ ከውጭ ጥሩምባውን ይነፋል። እኔ ደግሞ ወናፉን እነፋ ነበር።