ልብሳችንን የሠራው ማን ነው?
ስለ ጣና ዳር ሸማና ስለ ባሕር ዳር ፋብሪካ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጀልባ ወደ ዘጌ የተሻገረ መንገደኛ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም አይመለስም። በመቅደሱ ዙሪያ የተሣሉት ቅዱሳን ስማቸው ከአጠገባቸው ተጽፎ ይታያል። በአብያተ ክርስቲያናችን ልማድ ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋም ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ከነስሙ ይሣላል። ነገር ግን ቀለሙ ያረፈው በጭቃው ግድግዳ ላይ አይደለም። አስቀድሞ የጥጥ ሸማ በግድግዳው ላይ ይለጠፍና ሥዕሉ በሸማው ላይ ይሣላል። የቅዱሱም የባለጸጋውም ስም ሲጻፍ ጥጡን የፈተለችው ሴትና ሸማውን የሠራው ሸማኔ ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችን በልዩ ልዩ አገሮች ተፈጥሮን የማይጎዳና የሠራተኛውን መብት የሚያከብር ልብስ እንሠራለን የሚሉ ድርጅቶች ተነሥተዋል። ለገዢው ሁለት ጥያቄ ያቀርቡለታል። አንደኛው፣ ጥጡ የበቀለበት መሬትና ጨርቁ የታጠበበት ውሃ ተበክሏልን? ሁለተኛው፣ ልብሱን የሠራው ሰው ተገቢውን ዋጋና ክብር አግኝቷልን? እነዚህ ጥያቄዎች ከባሕር ማዶ የመጡ አዲስ ነገሮች ይመስሉ ይሆናል። የጣና ዳር ታሪክ ሲመረመር ግን አባቶቻችንና እናቶቻችን ለመጀመሪያው ጥያቄ መልካም መልስ እንደ ነበራቸው፣ በሁለተኛው ግን እንደ በደሉ እንረዳለን።

ጥጥ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዒዛና ወደ ኖባ ስላደረገው ዘመቻ ባስጻፈው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ የጠላቱን የእህልና የጥጥ ጎተራ እንዳጠፋ ይናገራል። ከ1520 እስከ 1526 በአውሮፓውያን አቈጣጠር በሀገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ደግሞ ከጎጃም ለንጉሠ ነገሥቱ የገባውን ግብር ሲዘረዝር ከፈረሱና ከበቅሎው ጋር ወፍራም የጥጥ ልብስ ይጠቅሳል። ሸማ እንግዲህ ገላ መሸፈኛ ብቻ ሳይሆን ግብር የሚከፈልበት ሀብት ነበር። በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለው የይፋግ ገበያም ከቈላው የሚመጣው ጥጥና ከደጋው የሚወርደው ሸቀጥ የሚገናኝበት ስመ ጥር ገበያ ነበር።

አሠራሩም እንዲህ ነው። የቤቱ እመቤት ጥጡን በመዳመጫ ዳምጣ ፍሬውን ታወጣለች፤ በደጋን ነድፋ ባዘቶ ታደርገዋለች፤ ከዚያም በእንዝርት ፈትላ ልቃቂቱን ለሸማኔ ትሰጣለች። ሸማኔው ከጕድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን በእጁ እያመላለሰ ድሩንና ማጉን ያዋሕዳል። ሁለት እጥፍ ሲሆን ኩታ፣ አራት እጥፍ ሲሆን ጋቢ ይባላል። ሸማው በነጭነቱ ይለበሳል እንጂ በቀለም አይነከርም፤ ለጥለቱ የሚሆነው ቀይ ክር እንኳ ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ ከመጣ ጨርቅ ተተርትሮ የሚወጣ ነበር። ልብሱም ባረጀ ጊዜ የሕፃን መጠቅለያ፣ ከዚያም የመብራት ፈትል ይሆን ነበር እንጂ አይጣልም። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ መሬትን የሚመርዝ ወይም ወንዝን የሚያጠቁር ነገር አልነበረበትም።

ይሁን እንጂ ውዳሴያችን ከእውነት እንዳያልፍ እንጠንቀቅ። በጎንደርና በጣና ዙሪያ ሽመናን የያዙት አብዛኞቹ እስላሞችና ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ይህም የሆነው ርስት የመያዝ መብት ስለ ተነፈጋቸው በእጅ ሥራና በንግድ ለማደር በመገደዳቸው ነው። ሸማውን የለበሰው ጌታ ሲከበር ሸማውን የሠራው ሰው «ሸማኔ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር የምናውቀው ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ ከዚህ እንዲታቀብ ዐዋጅ ለማስነገር በመገደዳቸው ነው። የፈታይዋ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ድካሟ የቤት ውስጥ ግዴታ ተብሎ ስለሚቈጠር ዋጋ አልተቈረጠለትም፤ ዐዋጅም አልወጣለትም።

በ19ኛው መቶ ዓመትና ከዚያም በኋላ አቡጀዲድ የተባለው የፋብሪካ ጨርቅ፣ ቀጥሎም ከህንድ የሚመጣው የፋብሪካ ክር ገበያውን ያዙት። ሸማኔውም ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ማድረግን ለመደ። ብዙ ሰው «ፍጹም የእጅ ሥራ» ብሎ የሚለብሰው ጋቢ እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የፋብሪካና የእንዝርት የጋራ ልጅ ነው።

ፋብሪካው ራሱ ወደ ጣና ዳር የመጣው በታሪክ ዕዳ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ስላደረሰችው ጥፋት ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። ከዚህ ካሣ የቆቃ ግድብ ሲሠራ፣ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም በ1961 ተቋቋመ። በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋም ከሌሎች ሙያዎች ጋር የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ሰጠ፤ በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራውን ጀመረ። ትንሺቱ የሐይቅ ዳር መንደር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተማ ሆነች።

ይህ ለውጥ ለሠራተኛው ያመጣለትን ጥቅም መካድ አይገባም። አባቱ በሽመናው የተሰደበ ሰው ልጅ በፋብሪካ ውስጥ በወሩ መጨረሻ ፈርሞ ደመወዝ ተቀበለ። በ1963 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅም ሠራተኞች በማኅበር እንዲደራጁ ሕጋዊ መንገድ ከፈተላቸው። ስም ያልነበረው እጅ በመዝገብ ላይ ስም አገኘ።

ነገር ግን ሒሳቡ በሌላ በኩል ተከፈለ። ፋብሪካዎች ብዙ ጥጥ ስለሚሹ በአዋሽ ሸለቆ ሰፋፊ እርሻዎች ተከፈቱ። ከእነርሱም አንዱ በ1961 የተጀመረው የተንዳሆ እርሻ ነው። እርሻው የያዘው መሬት አፋሮች በበጋ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ነበር፤ ድርቅ በመጣም ጊዜ መሸሻ አጡ። በሰፊ እርሻ የሚለማ ጥጥም ያለ ተባይ ማጥፊያ መርዝ የሚለማ አልሆነም። በባሕር ዳርም ቢሆን ከፋብሪካው ወደ ዓባይ የሚወርደው ፍሳሽ የወንዙን ውሃ ጥራት እንደሚነካ ተመራማሪዎች በጥናት አሳይተዋል። ለሠራተኛው ክብር አገኘን ስንል መሬቱንና ውሃውን አስያዝን ማለት ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ሁለቱንም ማጣት ነው። በ2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ፈርሶ ለውጭ ገበያ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሀገራችንም በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ዘገባ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ሠራተኞች የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ካጠኗቸው የልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደ ነበር ገልጸዋል።

እንግዲህ ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድነት ለመመለስ የሞከሩ አሉን? አዎን፣ አሉ። በ2004 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሳባሃር በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሸመነ ጥጥና ሐር ለዓለም ገበያ ያቀርባል። በ2007 ሊያ ከበደ ለምለም የተባለውን ድርጅት ያቋቋመችው ሸማኔዎች ገበያ አጥተው ሙያቸውን ሲተዉ አይታ ነው። በአርባ ምንጭ አካባቢ ደግሞ ገበሬዎች በመርዝ ፈንታ ከበቆሎ የሚዘጋጅ ርጭት በጥጡ ላይ እየረጩ ተባይን የሚበሉ ጠቃሚ ነፍሳትን ወደ ማሳቸው መሳብን ተምረዋል። የዚህም ጥበብ መሠረት ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ መከላከል ነው። እነዚህ ጅማሮዎች ከሀገሪቱ ስፋት አንጻር ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን መንገዱ እንዳልተዘጋ ያስረዳሉ።

አንባቢ ሆይ፣ «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ደመወዜ የተቈረጠ ነው፤ ይህ የባለጸጋ ነገር ነው» ትል ይሆናል። አባባልህ እውነትነት አለው። ከውጭ ታትሞ የሚመጣው፣ የሀገር ልብስ መስሎ የተሠራው ጨርቅ ከእጅ ሥራው በዋጋ እጅግ ይረክሳል። ይሁን እንጂ ከእጅ የወጣ ጋቢ ለብዙ ዓመት ለብሰኸው ለልጅህ የምታወርሰው ነውና ዋጋውን በዓመቱ አካፍለህ አስላው። ከዚህም በላይ መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም። ለበዓል ልብስ በምትገዛበት ጊዜ «ማጉ የእጅ ፈትል ነውን? የሠራውስ ማን ነው? ለፈታይዋ ምን ተከፈላት?» ብለህ ነጋዴውን ጠይቀው። ዛሬ መልስ ባያገኝ ጥያቄው ሲደጋገምበት ነገ መልሱን ይዞ ይጠብቅሃል። በመሥሪያ ቤትህ ደግሞ የደንብ ልብስ ወይም መጋረጃ ለመግዛት ጨረታ የምታዘጋጀው አንተ ከሆንህ ጥያቄህ ከአንድ ገዢ ጥያቄ ይልቅ ይከብዳል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ተረታችን። አባቶቻችን ንጹሕ ልብስ ለብሰው የሠራውን ሰው ናቁ፤ ከእነርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ሠራተኛውን በመዝገብ ጻፈ፣ ወንዙን ግን ዘነጋ። የእኛ ድርሻ ሁለቱን ማዋሐድ ነው። በዑራ ግድግዳ ላይ ቀለሙን የተሸከመችውን ሸማ የሠሩትን ሰዎች ስም ዛሬ ልናገኘው አንችልም። በትከሻችን ላይ ያለውን ጋቢ የሠራውን ሰው ስም ግን ዛሬውኑ ጠይቀን ማወቅ እንችላለን።