አይዞሽ ባይዋ ከምጥ ክፍል ስትወጣና ስትመለስ

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሮም ይሠራ የነበረው ግሪካዊ ሐኪም ሶራኖስ ስለ ሴቶች ሕክምና በጻፈው መጽሐፍ፣ ምጥ የያዛት ሴት ከአዋላጇ ሌላ ሦስት ሴቶች እንዲቆሙላት ያዝዛል። ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ይሆናሉ፤ ሦስተኛዋ ከኋላ ሆና ደግፋ ትይዛታለች። ሐኪሙ ከእነዚህ ሴቶች የሚጠይቀው ችሎታ አንድ ብቻ ነው፤ የምታምጠውን ሴት ፍርሃት በለዘብታ ማብረድ። ስለ ወሊድ ምንም የማያውቁ ቢሆኑም ግድ የለውም። ሶራኖስ ይህን ሲጽፍ አዲስ ሥርዓት መደንገጉ ሳይሆን በየቤቱ ሲደረግ ያየውን በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ማስፈሩ ሳይሆን አይቀርም።

በኢትዮጵያም ምጥ የገባበት ቤት ብቸኛ ሆኖ አያውቅም። የልምድ አዋላጇ ሥራ አንድ ነገር ሲሆን፣ ወገብ የምታሸው እህት፣ ከኋላ ደግፋ የምትይዘው እናት፣ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ የሚማጸኑት ጎረቤቶች ድርሻ ሌላ ነው። በሙስሊሙ ቤት ደግሞ ዱዓው ይቀጥላል። «በሽልም ታውጣሽ» የሚለው ምርቃት ከእርግዝናው ወራት ጀምሮ ሲባል ቆይቶ፣ በምጡ ሰዓት መራቂዎቹ ራሳቸው ይገኛሉ። ይህ ማለት ግን ቤት መውለድ ደኅና ነበር ማለት አይደለም። አይዞሽ ማለት የደም መፍሰስን አያቆምም፤ መንገድ የተዘጋበትን ምጥም አይከፍትም። እ.ኤ.አ. በ2000 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ገምቷል። ሴቶች ወደ ጤና ተቋም እንዲመጡ የተደረገው ጥረት ምክንያቱ ይህ ነው፤ የሚከራከርበትም የለም። ክርክሩ ያለው እናቲቱ ስትመጣ ማን ከውጭ እንደሚቀር ላይ ነው።

ይህ ጥያቄ ቀድሞ የተነሣው ወሊድ ቀድሞ ወደ ሆስፒታል በገባባቸው አገሮች ነው። በአሜሪካ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በሆስፒታል የሚወልዱት ከ100 እናቶች 5 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በ1940 ከግማሽ በላይ ሆነዋል። ደም መስጠት፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና የሠለጠነ ቀዶ ጥገና በዚያ ተገኙ። እናትና እህት ግን ከበሩ ተመለሱ። ለዚህም የሚሰጠው ምክንያት የበሽታ መተላለፍ ሥጋትና የክፍሉ ጥበት ነበር። ከ1914 ወዲህ በአሜሪካ የተስፋፋው ሞርፊንና ስኮፖላሚን ቀላቅሎ መስጠት ደግሞ ነገሩን አባባሰው። መድኃኒቱ ሕመሙን ፈጽሞ ከማጥፋት ይልቅ ትዝታውን ይሰርዝ ነበርና፣ ራሷን ለማታውቅ ሴት አጽናኝ ማቆም ትርጉም የሌለው ነገር ሆኖ ታየ። የመድኃኒቱ ፋሽን አልፎም በሩ እንደ ተዘጋ ቆየ።

በሩን ያንኳኩት ሰዎች ለዚያ ብለው የተነሡ አልነበሩም። ማርሻል ክላውስና ጆን ኬኔል በክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ የሚሠሩ የሕፃናት ሐኪሞች ሲሆኑ፣ ዋነኛ ጉጉታቸው እናትና ልጅ ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ስለሚፈጥሩት ትስስር ነበር። ከጓቲማላ ባልደረቦቻቸው ጋር በአንድ የጓቲማላ ሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወልዱ ጤነኛ ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን እንደ ሆስፒታሉ ልማድ ዘመድ አጠገቡ ሳይኖር አማጠ። ለሁለተኛው ቡድን እናቶች ግን አስቀድሞ የማያውቋት፣ የሕክምና ሥልጠናም የሌላት ሴት ከገቡበት ጊዜ እስከ ወሊዱ ድረስ ሳትለይ አብራቸው ሆነች፤ እጃቸውን ይዛ፣ ጀርባቸውን አሽታ፣ አነጋግራቸው።

በ1980 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመው ውጤት የሚያስገርመው ከምዝገባው ጀምሮ ነው። ተመራማሪዎቹ ከየቡድኑ ያለ ችግር የወለዱ 20 እናቶችን ማነጻጸር ፈልገው ነበር። አጽናኝ ከነበራቸው 20 ለማግኘት 33 እናቶችን መመዝገብ በቂ ሆነ፤ ከሌላቸው ግን 20 ለመሙላት 103 መመዝገብ አስፈለገ። የቀሩት በቀዶ ጥገና፣ በሜኮኒየምና በመሰሉት ችግሮች ከንጽጽሩ ወጡ። በመጨረሻዎቹ 20ዎች ዘንድም ከመግቢያ እስከ ወሊድ ያለው ጊዜ በአጽናኝ 8.8፣ ያለ አጽናኝ 19.3 ሰዓት ነበር። በ1986 ይኸው ቡድን በዚያው አገር ከ400 በሚበልጡ ሴቶች ላይ ጥናቱን ሲደግመው፣ ቀዶ ጥገና ከ17 ወደ 7 በመቶ፣ ኦክሲቶሲን መስጠትም ከ13 ወደ 2 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለዚህ ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች ዋነኛው ፍርሃት አድሬናሊንን ያበዛል፤ አድሬናሊንም የማሕፀንን መኮማተር ያዳክማል የሚለው ነው።

ተመራማሪዎቹ ይህችን ሴት «ዱላ» አሏት። ቃሉ ግሪክኛ ሆኖ ሴት አገልጋይ፣ በጥንቱ አነጋገርም ባሪያ ማለት ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ዳና ራፋኤል በ1973 ስለ ጡት ማጥባት ባሳተሙት መጽሐፍ አራስ የምትንከባከበውን ሴት ለማመልከት ተጠቅመውበት ነበር። በአማርኛ ቃሉ እንዳለ ቢወሰድ በትር ይሆናል፤ በምጥ ክፍል ቁጣና ጥፊ ቀምሳ የምታውቅ እናት «ዱላ አለልሽ» ብትባል የሚሰማት ነገር ግልጽ ነው። «አይዞሽ ባይ» የሚለው ሥራዋን በተሻለ ይገልጸዋል።

ሂውስተን ላይ በ1991 የታተመው ጥናት አንድ ያልተጠበቀ ነገር ጨመረ። ለአንዳንዶቹ እናቶች አይዞሽ ባይ ተሰጠች፤ ለሌሎቹ ግን ራቅ ብላ ተቀምጣ የምትመዘግብ፣ ከእናቲቱ ጋር ፈጽሞ የማትነጋገር ታዛቢ ብቻ ገባች። የቀዶ ጥገናው መጠን በአይዞሽ ባይ 8፣ በዝምተኛዋ ታዛቢ 13፣ ሁለቱም በሌሉበት 18 በመቶ ሆነ። ሰው በክፍሉ ውስጥ መኖሩ ራሱ ሳይረዳ አልቀረም። በዚያው ዓመት ከጆሃንስበርግ የወጣው ጥናት ደግሞ ምጡ አላጠረም አለ፤ ነገር ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ ጡት ብቻ የሚያጠቡት ከ29 ወደ 51 በመቶ ከፍ ብለው ተገኙ።

የነገሩ ታሪክ ሁሉ በድል የታጀበ አይደለም። በ2002 በአሜሪካና በካናዳ 13 ሆስፒታሎች 6,915 ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ይፋ ሆነ። በዚህኛው ድጋፉን የሰጡት የሆስፒታሎቹ ነርሶች ነበሩ፤ ቀዶ ጥገናው በአንደኛው ቡድን 12.5፣ በሌላው 12.6 በመቶ ሆኖ ልዩነት ጠፋ። ይህ ነርሶቹን የሚያስወቅስ አይደለም። የተቋሙ ባልደረባ የተቋሙን ሕግ፣ ሰዓትና ሌሎች አልጋዎችን በልቧ ይዛ ትገባለች፤ አይዞሽ ባይዋ ግን ከአንዲት ሴት በቀር የምታስበው የላትም። በ2017 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ 15,858 ሴቶችን ያካተቱ ጥናቶችን ሲያጠቃልል፣ የቀዶ ጥገና ዕድል በሩብ ያህል መቀነሱን፣ ምጡም በአማካይ በ40 ደቂቃ ገደማ ማጠሩን አገኘ። ከጓቲማላው 10 ሰዓት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ሰው መቀመጫ ብቻ ለሚጠይቅ ነገር ግን ትንሽ አይደለም።

በዚህ መካከል ሥራው ሙያ ሆነ። በ1992 ክላውስና ኬኔል ከሌሎች ጋር ሆነው በሰሜን አሜሪካ የአይዞሽ ባዮች ማኅበር መሠረቱ። ሥልጠናው ካስቀመጣቸው ድንበሮች ዋነኛው ከክሊኒካዊ ሥራ መታቀብ ነው፤ የማሕፀን በር አትመረምርም፣ መድኃኒት አትሰጥም፣ በእናቲቱ ፈንታም አትወስንም። ብራዚል ደግሞ ሌላውን መንገድ ይዛ በ2005 በሕዝብ የጤና አገልግሎት የምትወልድ ሴት ሁሉ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲገባ በሕግ ደነገገች።

በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2000 ከ100 እናቶች 5 ነበሩ፤ በ2011 10፣ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ሆነዋል። ሌሎች አገሮች በበርካታ አሥርት ዓመታት ያለፉት ለውጥ በሁለት አሥርት ዓመታት ተጠቅልሎ መጣ፤ የተዘጋው በርም አብሮ መጣ። በ2011ዱ ጥናት በቤታቸው የወለዱ እናቶች ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ ከ10ሩ 6ቱ «አስፈላጊ አይደለም»፣ 3ቱ ደግሞ «ልማዳችን አይደለም» ብለዋል። የልማዱ ዋነኛ ክፍል አብሮ የሚሆን ሰው ነው። ጤና ጣቢያዎች ለአራስ ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት መጀመራቸው ይህን መረዳት ነበር፤ ሆኖም ገንፎው የሚደርሰው ከወሊድ በኋላ ነው።

በምጥ ክፍል ውስጥ የሚነሣው መከራከሪያ እውነተኛ ነው። አራት አልጋ ባለበት ክፍል አንዲት እናት ባሏን ብትጠራ ሦስቱ ይጋለጣሉ። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ መጋረጃ ነው፤ ወይም ባልን ትቶ እናትን ወይም እህትን ማስገባት፤ ከዚያም የት እንደምትቆምና ምን እንዳትነካ በሁለት ቃል መንገር።

የዓለም የጤና ድርጅት በ1985 በፎርታሌዛ፣ ብራዚል ከተደረገው ጉባኤ ጀምሮ ይህን ሲመክር ቆይቶ፣ በ2018 ለሁሉም ሴት በምጡና በወሊዱ ጊዜ ሁሉ የመረጠችው ሰው እንዲኖራት አስፍሯል። አሮጌው ፓርቶግራፍ የማሕፀን በርን፣ የጽንሱን ልብ፣ የደም ግፊትን ሲያስጽፍ ስለዚህ ሰው የሚጠይቅ መስመር አልነበረውም። በ2020 በወጣው አዲሱ የምጥ ክትትል ቅጽ ግን ከጽንሱ የልብ ምት በፊት «አጋር አለ?» የሚል ረድፍ ተጨምሯል። መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ከ110 በታች እንደ ወረደ የጽንስ የልብ ምት ሁሉ በማስጠንቀቂያነት ይከበባል።